የአባዬ ቀኝ እግር

ሰኞ

አባዬ ወደቀ።

ደንበኛ እየላጨ ሳለ ከመስታወቱ በላይ ያለው አምፖል ተቃጠለበት። ልቀይር ብሎ በርጩማ ላይ ወጣ፤ በርጩማው ከዳው። ሥራ ላይ ነበርኩ። የደወለልኝ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው፤ «አትደንግጪ፣ ደህና ናቸው» አለኝ። እንዲህ የተባለለት ሰው ደህና ሆኖ አያውቅም። ስደርስ አባዬ የፀጉር ቤቱ ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ግማሽ ፂሙ የተላጨ ሰውዬ ፎጣውን እንዳነገተ ከጎኑ ቆሟል። «ሰውየውን ሳልጨርስለት» ይላል አባዬ ደጋግሞ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች፣ እግር በማይታጠፍበት ቦታ ታጥፏል። ቆዳው ግን አልተቀደደም።

ራጅ ተነሳ። ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። እኔው የምሠራበት የአጥንት ክፍል አስተኛነው፤ አልጋ ዘጠኝ። አስራ አንድ ዓመት የሰው አባት ሳስተኛ ኖሬ ዛሬ የራሴን አስተኛሁ። አንሶላውን ሁለት ጊዜ አነጠፍኩት።

ማክሰኞ

ዶክተሩ ራጁን አይቶ አይጠግብም። እኛ ነርሶቹ «ሚሊሜትር» ነው የምንለው፤ ሳይለካ ቃል አይወጣውም። ሁለት መንገድ አለ አለን። አንደኛው ጀሶ ነው፤ ብዙ ወር ይወስዳል፣ ጠሞ ሊገጥምም ይችላል። ሁለተኛው ከፍቶ በብረትና በብሎን ማሰር ነው።

አባዬ ጀሶውን ፈለገ። «እኔ ሰው ላይ ምላጭ የማሳርፈው ፂም እስኪያልቅ ነው፤ ከዚያ በታች አልወርድም» ብሎ አሳቀን።

ብረቱ ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ። «ቀኑን ሙሉ ቆመህ የምትሠራ ሰው ነህ። ጠሞ ከገጠመ ምን ልትሆን ነው?» አልኩት።

«አንቺ ካልሽ ይሁን፣ አለቃዬ» አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ።

ታላቅ እህቴ ደወለች። ሌላ ከተማ ሒሳብ አስተማሪ ናት። «ምላጭ ባይነካው አይሻልም?» አለች። «አስራ አንድ ዓመት እዚህ የቆምኩት ለጌጥ አይደለም» አልኳት። «እሺ» አለች። እሺታዋን አውቀዋለሁ፤ ለሌላ ቀን ታስቀምጠዋለች።

የአባዬ ስኳር ከፍ ብሏል። ድንጋጤ ነው። ሰው ሲደነግጥ ይወጣል።

ቅዳሜ

እብጠቱ እስኪጎድል እየጠበቅን ነው። ቆዳው መሸብሸብ ሲጀምር ነው የሚከፈተው።

አባዬ ክፍሉን ሁሉ ተዋውቋል። አልጋ አስር ላይ ጭኑ የተሰበረ የጭነት መኪና ሾፌር አለ። «እኔ ባለ ሃያ ሁለት ጎማ ገልብጬ፣ እርስዎ በርጩማ ገልብጠው፣ እኩል ተኛን!» ይለዋል። አባዬ እስኪያስለው ይስቃል።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ምንነት ጠየቀኝ። በክፍላችን ቀዶ ጥገና የተደረገለት የማንም ሰው ቁስል ሳያመረቅዝ ያለፈው የቀን ብዛት ነው፤ ዛሬ 159። የቁስል ክትትሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ቁጥሩን ጠዋት ጠዋት የምቀይረውም እኔ ነኝ። አባዬ ሾፌሩን ቀስቅሶ «ያንን ቁጥር አየኸው? የልጄ ነው» አለው።

ረቡዕ፣ የቀዶ ጥገናው ቀን

ሁለት ሰዓት ከአስር ደቂቃ። አንድ ብረት፣ ስምንት ብሎን። እንድገባ አልተፈቀደልኝም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በሩን ገብቼበት የማላውቅ ይመስል ሳየው ነበር። ሚሊሜትር ሲወጣ «ግጥም ብሏል» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ዓርብ፣ 2ኛ ቀን

ፋሻውን እኔው ከፈትኩት። የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ «የገዛ አባትሽን ቁስል አንቺ አታጥቢም፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። «ማን ይጠብልኝ? ለሃያ ስድስት በሽተኛ ሦስት ነን» አልኳት። እጇን አወናጭፋ ሄደች።

ቁስሉ ንጹሕ ነው። ስፌቱ እንደ እህቴ የእጅ ጽሑፍ ቀጥ ያለ።

እሑድ፣ 4ኛ ቀን

የስፌቱ የታችኛው ጫፍ ትንሽ ቀልቷል። ከፕላስተሩ ነው። የአባዬ ቆዳ ስስ ነው፤ ድሮም ሳሙና እንኳ ሲቀይር ይቆጣበታል። ሙቀት 36.8። የቁስል ክትትሉ ቅጽ ላይ «ቁስል፦ ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ፣ 5ኛ ቀን

ችኮላ። ሁለት አዲስ ገቢ፤ አንዱ ዳሌ፣ አንዱ ክንድ። አንዷ ነርስ ቀርታለች። የአባዬ ጎዝ ላይ የጥፍር ታህል ቢጫ እርጥበት። የተለመደ ፈሳሽ። ቀየርኩት። 36.8። ደህና።

ሚሊሜትር ራውንድ ላይ ፋሻውን ሊከፍት እጁን ዘርግቶ ነበር። «ጠዋት አይቼዋለሁ» አልኩት። «ሲስተር ካየችው ታይቷል» ብሎ ወደ አልጋ አስር አለፈ።

ማክሰኞ፣ 6ኛ ቀን

አባዬ መላጫውን ከቤት አስመጥቶ ሾፌሩን ላጨው። ሾፌሩን ወደ አልጋው ጠርዝ አስጠግተንለት፣ እሱ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ እግሩን ዘርግቶ። መላጫውን ከአንዴ ሁለቴ በስፒሪት ጠረገው፤ ጎንበስ ብሎ በብርሃን አየው፤ ከዚያ ጀመረ። ክፍሉ በሙሉ አፉን ከፍቶ ያያል። አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግንባሩ በላብ ተጠመቀ፤ እጁ ግን ንቅንቅ አላለም። «ሙቀቱ አይጣል ነው» አለ። ውጭ ዝናብ ነበር።

ምሳውን አልበላም። የሆስፒታል ምግብ ማን ይወዳል።

ፅዳት ሠራተኛዋ «ሲስተር፣ እዚህ አልጋ ጋ መስኮቱን ልክፈተው?» አለችኝ። ትላንትም ጠይቃኝ ነበር። ብርድ ይገባል አልኳት።

36.8። ደህና።

ሐሙስ፣ 8ኛ ቀን

ከሌሎች ሆስፒታሎች ሰባት እንግዶች የክትትላችንን ልምድ ሊወስዱ መጡ። ቁጥሩ 171 ደርሷል። ማትሮኗ ከሁሉም ፊት አቆመችኝና «ይህ የእሷ ዓይን ውጤት ነው» አለች። የሌሎቹን ክፍሎች ነርሶች ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እኔ እንደማሠለጥን እዚያው ተናገረች፤ እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። አንዷ እንግዳ ቅጹን እንዴት እንደምሞላ ጠየቀችኝ። አስረዳኋት። መቅላት፣ እብጠት፣ ሙቀት፣ ፈሳሽ፣ ሽታ። አንድም ሳይዘለል፣ በየቀኑ፣ በራስ ዓይን።

አባዬ ከአልጋው ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ሁሉም ሳቁ፤ አጨበጨቡለትም። ፊቱ በጣም ቀልቶ ነበር። ደስታ ነው።

ከሄዱ በኋላ ፋሻውን ፈታሁ። የታችኛውን ጫፍ በጣቴ ጫን አልኩት።

ነገ ጠዋት ሚሊሜትር ይየዋል። ዛሬ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው፣ አይጠራም። አንድ ሌሊት ምንም አያመጣም። አዲስ ጎዝ አድርጌ፣ ወፈር አድርጌ አሰርኩት። ቅጹን ገና አልሞላሁትም።

ዓርብ፣ 9ኛ ቀን

በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ገና ጋውን ሳልለብስ ሾፌሩ በእጁ ጠራኝ። አባዬ ተኝቷል፤ ወይም የተኛ መስሏል። ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ ባልናገር እወድ ነበር» አለ። «አባትሽ ቴርሞሜትሩን ነርሷ ሰጥታቸው ዞር ስትል ከብብታቸው አውጥተው ያዩታል። ከዚያ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ያደርጉታል፤ እንደገና ያዩታል፤ ደስ ሲላቸው መልሰው ይሸጉጡታል። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን ግን ሲንቀጠቀጡ አልጋዬ ድረስ ተሰማኝ።»

ራሴ ለካሁት። ክንዱን በሁለት እጄ ከደረቱ ጋር አጣብቄ ያዝኩ። 39.2።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ።»

«አባዬ!»

«ከእሑድ መሰለኝ» አለ። ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አላወረደም። «መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ያልፋል አልኩ። ኋላ ሰዎቹ ሊመጡ ነው ሲባል ሰማሁ። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ የገዛ አባትሽ ልሁን የማዋርድሽ? ሐሙስ ካለፈ በኋላ እናገራለሁ ብዬ ነበር።»

አንቺስ አላየሽም ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እሱን ነው የጠበቅኩት። አልጠየቀኝም።

ሚሊሜትር መጥቶ ራሱ ፈታው። ሁለት ስፌት ሲቆርጥ መግሉ ወደ ጎዙ ወረደ። «መቼ ጀመረ?» አለኝ።

«ትላንት ማታ» አልኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት። ከፈቱት፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጠው አወጡ፣ አጠቡት፣ ናሙና ላኩ። ማትሮኗ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አነሳችው።

እሑድ

እህቴ ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ አባዬን ሳመችው፤ እኔን ሳመችኝ፤ ከዚያ አልጋው ግርጌ ያለውን ሰሌዳ አንስታ ቆማ አነበበችው። ተማሪ እንዳጠፋ ስታውቅ እንደምታነበው ነው።

ሰሌዳውን እንደያዘች ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። ስለ ቴርሞሜትሩ ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

«እሺ፣ ሙቀቱን እሱ ደብቋል» አለች። «ይህን ግን ማን ጻፈው? ‹ቁስል፦ ደህና። ቁስል፦ ደህና። ቁስል፦ ደህና።› ጽሑፉ የአንቺ አይደለም?»

«ፕላስተር መስሎኝ ነው።»

«አራት ቀን ሙሉ ፕላስተር መሰለሽ?»

ሰሌዳውን ከእጇ ተቀበልኩ። እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ጮኻብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

እንደገና አጠቡት። ስኳሩም ድንጋጤ አልነበረም፤ በሽታው ቆይቶበታል፤ ያልታወቀለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ቁጥሩ በእጄ ጽሑፍ አለ። ለሚሊሜትር ተናግሬ ነበር ወይስ አልተናገርኩም? ላስታውስ ብል አልቻልኩም። ተናግሬ ቢሆን አስታውሰው ነበር።

ዓርብ

ብሎኖቹ ላልተዋል። ብረቱን አወጡት። አሁን እግሩ ከውጭ በሚታሰር ብረት ተይዟል፤ አራት ዘንግ በቆዳው በኩል ወደ አጥንቱ ገብቷል። አባዬ ሲነቃ አየውና «አንቴና ተከሉልኝ እንዴ?» አለ። ሾፌሩ ሳቀ። እህቴ ወጣች።

ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ላይ ተናገርኩ።

አስቤበት አይደለም። ሚሊሜትር የአልጋ ዘጠኝን ሪፖርት ሲያነብ «በ9ኛው ቀን የታየ» አለ፤ እጄ ወጣ። «በ4ኛው ቀን ነው» አልኩ። «በ4ኛው ቀን መቅላት አየሁ። በ5ኛው ቢጫ ፈሳሽ። በ6ኛው ሽታ ነበረ። በ8ኛው መግል። ደህና እያልኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተለካውን ስኳርም ችላ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ማንም ቀና አላለም። ማትሮኗ እስክሪብቶዋን ክዳኑ ውስጥ አስገባች፤ አወጣች፤ አስገባች።

ሚሊሜትር ከስብሰባ በኋላ ደረጃው ላይ አገኘኝ። «በአራተኛው ቀን ከፍተን ብናጥበው ኖሮ ብረቱ ይተርፍ ነበር ብዬ ልምልልሽ አልችልም» አለ። «አይተርፍም ነበር ብዬም አልምልም።» ሁለት ደረጃ ወርዶ ቆመ። «እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። መልሼ ሰበሰብኩት።»

ከክትትሉ ተነሳሁ። ሥልጠናውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወደ ተመላላሽ ክፍል ተዛውሬያለሁ፤ ጀሶ እቆርጣለሁ። አልጋ ዘጠኝ ጋ የምሄደው በጠያቂ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከሌላው ቤተሰብ ጋር በር ላይ ቆሜ።

አራተኛ ሳምንት

ሾፌሩ ወጣ። በክራንች እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰና የአባዬን ራስ ሳመ። «ሲድኑ የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ» አለው። አልጋ አስር ላይ የማይናገር ሰው ገባ።

አባዬ ከስቷል። ፂሙን መላጨት ትቷል። ልላጭህ አልኩት። «ነገ» አለኝ። ትላንትም ነገ ብሎኝ ነበር።

ስምንተኛ ሳምንት

አልጽፍም ብዬ ነበር።

አምስት ጊዜ ታጥቧል። መድኃኒቱ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። እህቴ ሄዳ፣ ፈተና አርማ፣ ተመለሰች። ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ስለ ልብስና ስለ ምግብ ነው፤ በትህትና። ፀጉር ቤቱን ልብስ ሰፊው በየሳምንቱ እየከፈተ ያናፍሰዋል።

ተመላላሽ ክፍል አንዲት እናት የልጇን ክንድ ጀሶ ስቆርጥ «ደህና ነው?» አለችኝ። ቃሉን ስሰማው መጋዙን አስቀመጥኩ። ላለማየት ሳይሆን ለማየት ክንዱን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፤ ሴትየዋ ፈራች።

አስራ አንደኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ሚሊሜትር አዲሱን ራጅ ለሁላችንም አሳየን፤ ለአባዬ፣ ለእህቴ፣ ለእኔ። በሁለቱ ስብራት መካከል ያለው አጥንት ሞቷል። አንድ ጣት ያህል ርዝመት አለው። የእግሩም ደም ሥሮች በስኳሩ ምክንያት ደካማ ናቸው። አሁንም ሁለት መንገድ አለ አለ። የሞተውን አውጥቶ አጥንቱን ቀስ በቀስ እየጎተቱ ማሳደግ፤ አንድ ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፣ ብዙ ቀዶ ጥገና ይኖረዋል፣ ያም ሆኖ ላይሳካ ይችላል። ወይም ከጉልበት በታች መቁረጥ።

«አስቡበት» ብሎ ወጣ።

እህቴ «አይቆረጥም» አለች ወዲያው። «ዓመትም ይፍጅ፣ ሁለት ዓመትም ይፍጅ፣ እኔ ቤት ሆኖ ይታከማል።»

አባዬ አልሰማትም። እኔን ነው የሚያየው። መግሉ ከወጣበት ዓርብ ወዲህ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።

«ልጄ ሆነሽ አይደለም» አለ። «እንደ ነርስ ንገሪኝ። አልጋ ዘጠኝ ላይ የተኛው የማታውቂው ሽማግሌ ቢሆን ምን ትይዋለሽ?»

ጀሶውን ሲፈልግ ብረቱን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። እንደገና እኔ ልመርጥለት? አልችልም ልለው ነበር። ፊቱን ሳየው ግን አፌ ላይ ያለው ሁሉ ውሸት ሆነብኝ።

«አጥንቱ ሞቷል፣ አባዬ» አልኩት። «ከእንግዲህ የሚታጠበው ቁስል አንተን እየጨረሰህ ነው። ክብደትህ አስራ ሦስት ኪሎ ቀንሷል። ዓመት ተኩል የምትችለው አይመስለኝም። ብትችለውም በዚያ እግር የምትቆም አይመስለኝም። የማላውቀው ሽማግሌ ቢሆን ይቆረጥ እለዋለሁ።»

እህቴ ስሜን ጠራችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በማላውቀው ድምፅ።

አባዬ «እ» አለ፤ ዋጋ እንደተነገረው ሰው። «መጀመሪያም እንዲህ ብትነግሪኝ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። እጄን ፈልጎ ያዘኝ። «ዶክተሩን ጥሪው» አለ።

ዓርብ

ተቆረጠ። አርባ አምስት ደቂቃ።

እህቴና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ በመካከላችን የአንድ ሰው ቦታ ትተን። በሩ ሲከፈት ሁለታችንም እኩል ተነሳን። ያኔ ክንዴን ይዛኝ እንደነበር ያወቅኩት ጥፍሮቿ የገቡበትን ማታ ሳይ ነው።

እሑድ

የሌለው እግሩ ጣቶቹ ያሳክኩታል። «የት ልከከው?» ይላል። ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ቀልድ አልነበረም።

ረቡዕ፣ 5ኛ ቀን

የጠያቂ ሰዓት ነበር። ፋሻ የምትፈታው አዲሷ የክትትል ነርስ ናት፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን መጋጠም የምትሸሽ። ደንቡን አውቃለሁና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዝናቡ አባርቶ ግቢው ውስጥ አንሶላ እየተሰጣ ነበር። የጎዙ መላቀቅ ይሰማኛል። አንድ ንጣፍ፣ ሁለተኛ ንጣፍ።

«ምን አለ መስኮቱ ጋ?» አለ አባዬ።

«ምንም።»

«እንግዲያ ነይ እዪ።»

ነርሷን አየኋት። ትከሻዋን ሰበቀችና ቦታ ለቀቀችልኝ።

ሄጄ አየሁ። እጆቼን ከኋላዬ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። አስራ ስድስት ስፌት ነው። እብጠቱ የሚጠበቀው ያህል ነው። ፈሳሽ የለም። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩ፤ ሽታ የለም። በውጭው ጫፍ፣ ሦስተኛው ስፌት አጠገብ፣ ከምስር የማይበልጥ ቦታ።

አባዬ የሚያየው ቁስሉን አይደለም፤ እኔን ነው። እህቴም በር ላይ ናት።

«ቀልቷል» አልኩ። ድምፄ ከፈለግኩት በላይ ጮኸ፤ የአልጋ አስሩ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። «እዚህ ጋ። ሦስተኛው ስፌት። ቀልቷል።»

ነርሷ ጎንበስ ብላ አየች። ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ የቀላውን ቦታ ቆዳው ላይ ዙሪያውን ከበበችው፤ ነገ ከመስመሩ ወጥቶ እንደሆነ እንዲታይ። ሰዓቷን አየችና ከክቡ ጎን ጻፈች፦ 9፡40። ከዚያ ሚሊሜትርን ልትጠራ ወጣች።